ለምሳ የምትደርስ መኪና ፍለጋ፦ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ረቡዕ፣ አዋሽ

ከአዋሽ የተነሣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። እኔና ባለቤቴ ሰይድ። የምንሄደው ሰመራ፣ ጉዳያችንም መኪና መግዛት ነበር። ርካሽ የሆነች፣ ግን መንገድ ላይ የማትቆም መኪና። ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰው አይሆንም ሲለኝ እልህ ይይዘኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዋሽ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ከከተማው ራቅ ብሎ ላለ አንድ የመስኖ እርሻ ሠራተኞች ምሳ አቀርባለሁ። ወጤ ይጣፍጣል፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። የምንከራያት መኪና ባለቤት ሲመቸው ይመጣል፣ ካልተመቸው ስልኩን ያጠፋል። በስድስት ሰዓት መድረስ የነበረበት ምሳ ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ ያን ጊዜ ሠራተኛው ወጡን ትቶ እኔን ሊበላ ይደርሳል። በመጨረሻ የእርሻው ሠራተኞች ካምፕ ኃላፊ አስጠርቶኝ፣ "ወይዘሮ ዘሀራ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የራስዎን መኪና ይዘው በሰዓቱ ካልመጡ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" አለኝ። ቁጣ እንኳ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አብረውኝ የሚሠሩት አምስት ሴቶች ናቸው። የካምፑ ምሳ ከቀረ ለምግብ ቤቷ ሁለቱ ይበቃሉ። ሦስቱን ወደ ቤታቸው መስደድ ሊኖርብኝ ነው ማለት ነው። ማንን ብዬ እንደምመርጥ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

የደረሰኝን እቁብና ያጠራቀምነውን አንድ ላይ ስናደርገው ስምንት መቶ ሺህ ብር ሆነ። የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከቀረ ወዲህ የአሮጌውም ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። መተሐራ ሄጄ አየሁ፣ አዳማም ሄጄ አየሁ። አዳማ ላይ በዚህ ብር ያሳዩኝ መኪና በሩ የሚዘጋው በገመድ ነበር። ደላላው ግን "ገመዱ አዲስ ነው" ብሎ አጽናናኝ። በኋላ አንድ የማውቀው የከባድ መኪና ሾፌር ሰመራ ላይ የምትሸጥ ፒካፕ እንዳለች ነገረኝ፤ የደላላውንም ስልክ ሰጠኝ። ደውዬ ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ አልኩት። ስሜንም ሆነ የምመጣበትን ከተማ አልነገርኩትም። ደላላ ስለ ገዢው ባወቀ ቁጥር ዋጋው ያድጋል።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ለሁለታችን ሁለት ሺህ ብር ገደማ ከፈልን፤ የእኔ ወንበር ስፖንጁ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። አዋሽ አርባን እንዳለፍን ፀሐይዋ ወጣች። ከዚያ በኋላ መንገዱ የከባድ መኪናዎች ነው። ከጅቡቲ ተጭነው የሚመጡት ያቃስታሉ፣ ባዷቸውን የሚወርዱት ይበርራሉ። ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ አስፋልቱን ግራና ቀኝ ይዞታል፤ አንዳንድ ቦታ ግመሎቹ ከየት እንደወጡ ሳይታወቅ መሐል መንገድ ላይ ይገኛሉ። ገዋኔ ላይ ፉል በዳቦ በላን። የአያሉ ተራራ ከበስተጀርባችን ቆሞ ነበር፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ደመና አለችው። ሰይድ በመስኮቱ ያያትን መኪና ሁሉ "ይህቺ ጥሩ ናት" ይለኛል። ሰይድ መኪና አይነዳም። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ቀለሟ ያማረ መኪና ባየ ቁጥር ልቡ ይሄዳል።

አዳይቱ

ምሳ ሰዓት ላይ አዳይቱ ደረስን። ሾፌሩ "ግማሽ ሰዓት" ብሎ ወረደ። ግማሽ ሰዓት አዳይቱ ላይ እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይነሣል። የፍየል ሥጋ በሩዝ አዘዝኩ፤ ጥሩ ነበር፣ ጨው ግን በዝቶበታል።

ሰይድ እጁን ታጥቦ ሲመለስ፣ ሰሌን ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጠሩት። ሐጂ ይሏቸዋል። በትራቸውን አጠገባቸው አጋድመው የግመል ወተት እየጠጡ ነበር። ቦታ ለቀቁለትና ዳጉ ጀመሩ።

ዳጉን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አፋር አገር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ ገበያው እንዴት ነው ይባባላሉ። ቀልድ አይደለም። የሚናገረው አይጨምርም፣ አይቀንስምም። የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው እንደሰማው ያደርሳል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም አይሰማውም። ሰይድ ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ እዚህ ያደገ ነው፤ አፋርኛውም ዳጉውም ገብቶታል። እኔ ከኮምቦልቻ ለትዳር የመጣሁ ነኝ፤ ቋንቋውን ብዙውን እሰማለሁ፣ መልስ ላይ ግን እሰናከላለሁ።

እኔ ሩዜን እየበላሁ በአንድ ጆሮዬ አዳምጣለሁ። ስለ አዋሽ ገበያ ተናገረ። ስለ ወንዙ ተናገረ። ቀጥሎ ስለ እኛ ጀመረ። ወደ ሰመራ ነው፣ መኪና ልንገዛ ነው፣ የካምፕ ምሳ ማመላለሻ ናት፣ ሰኞ ካላደረስን ሥራው ይሄዳል። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሐጂ፣ "ስንት ይዛችኋል?" አሉት። ሰይድም ነገራቸው። ስምንት መቶ ሺህ ብሎ፣ ሳያንተባትበው።

ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ፣ "ምን ሆንክ? ብሩን ደግሞ ለምን ተናገርክ?" አልኩት።

"ጠየቁኝ እኮ፣ ዘሀራ።"

"ቢጠይቁህስ?"

"ዳጉ ነው። ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ልሰውር?" አለኝ። የሚገርመው፣ የተገረመው እሱ ነበር።

ከአዳይቱ እስከ ሚሌ አላናገርኩትም። ሚሌን አልፈን ሎግያ ስንገባ ሊመሽ ነበር። ሎግያ ከባድ መኪና የሚያድርባት ከተማ ናት፤ ጎማ የሚጠግነው፣ ውሃ የሚሸጠው፣ ዓሣ የሚጠብሰው ሁሉ አስፋልቱ ዳር ነው። በሙቀቱ የተነሣ ክፍል ውስጥ የሚተኛ የለም፤ አልጋው ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። ለሁለታችን ተራ አልጋ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ከፈልን። ሰይድ ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቶ መጣ። ተቀበልኩት። እርቃችን ያቺ ነበረች።

ሐሙስ፣ ሰመራ

ከሎግያ ሰመራ በባጃጅ ሄድን። ሎግያ ስትጮህ ሰመራ ዝም ያለች ናት፤ መንገዱ ሰፊ፣ ቢሮው ብዙ፣ ጥላው ጥቂት። ደላላው አንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ጠበቀን። ቶፊቅ ይባላል፤ ቀጭን፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣ ሲናገር ትከሻ የሚነካ። አጠገቡ የመኪናዋ ባለቤት ሁመድ ተቀምጦ ነበር፤ አርባዎቹን ያለፈ አፋር፣ ረጅም፣ ሰላምታችንን በወጉ መልሶ ዝም አለ።

ፒካፕዋ ነጭ ናት። ባለ ነጠላ ጋቢና፣ ከኋላዋ ሰፊ ጭነት የምትይዝ። አምስቱን ድስት፣ እንጀራውን፣ የውሃውን በርሜል በዓይኔ ጫንኩባት፤ ቦታ ተረፈ። ሰይድ ከመድረሳችን "ይህቺ ጥሩ ናት" አለ። እግሩን ረገጥኩት።

እኔ መኪና ስመለከት አልቸኩልም። ቀድሜ ደውዬ ሞተሯን ሳታስነሡ ጠብቁኝ ብዬ ነበር፤ የሞቀ ሞተር ችግሩን ይደብቃል። ኮፈኑን በእጄ ዳሰስኩት፣ ፀሐይ ካሞቀው በቀር ሌላ ሙቀት የለውም። አስነሣኋት፣ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ጭሷ ንጹሕ ነው። ዘይቷን አየሁ፣ የራዲያተሯን ውሃ አየሁ። ሊብሬውን ተቀብዬ የሻንሲ ቁጥሩን በጣቴ እየነካሁ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ቀረጧ ተከፍሏል፣ ቦሎዋም የዘንድሮ ነው። ነዳኋት፤ ፍሪሲዮኗ ለስላሳ፣ ማርሿ አይንገጫገጭም። ምንጣፏን ገልጬ አየሁ፤ ደረቅ ነው፣ አዲስ ነው። ወንበሯም አዲስ ልብስ ለብሷል። ሽቶ ሽቶ ትላለች። እኔም ልቤ ሄደ፤ ለሰይድ ግን አላሳየሁትም።

"ዋጋዋስ?" አልኩ።

ቶፊቅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "እህቴ፣ አንቺ ለሠራተኛ ምሳ የምታመላልሺባት ነሽ፤ አላስጨንቅሽም። ስምንት መቶ ሺህ። ካለሽ ላይ አንድ ብር አላስጨምርሽም" አለኝ።

ስለ ምሳው ነግሬው አላውቅም። ብሩንማ ነፍሴን ቢያወጡኝ አልነግረውም። ዞር ብዬ ሰይድን አየሁት። ሰይድ መሬት መሬት ያያል። የአዳይቱ ዳጉ እኛን ቀድሞ ሰመራ ገብቷል። ዛሬ ስልክ አለ፤ ድሮ በግመል ይሄድ የነበረው ዳጉ ዛሬ በአንድ ጥሪ ይደርሳል።

"ደግሞ ሰኞ ሩቅ አይደለም" አለ ቶፊቅ። "ከጅቡቲ መስመር ሌላ ሰው ከሰዓት ሊያያት ይመጣል።"

ተናደድኩ። በቶፊቅም፣ በሰይድም፣ በራሴም። ስምንት መቶ ሺሁን ከሰጠሁ ለስም ማዛወሪያ እንኳ አይተርፈኝም። ካልሰጠሁ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ፤ ስናደድ ካልተቀመጥኩ የማይሆን ነገር እናገራለሁ። ተቀምጬ ሳይ ሁመድ ከሰላምታው በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መኪናዋ የእሱ ናት፣ ስለ መኪናዋ የሚናገረው ግን ቶፊቅ ብቻ ነው። ይህ ነገር ከነከነኝ። ስለ እኛ ሁሉን የሰማ ሰው ስለ ራሱ ምንም አልተጠየቀም።

ሰይድን ወደ ጎን ወሰድኩት። "ሁመድን ከደላላው ለይተህ ይዘኸው ሂድና ዳጉ ተቀበለው" አልኩት።

"ስለ መኪናዋ ልጠይቀው?"

"መኪና የሚባል ቃል እንዳታነሣ። ዳጉ ብቻ። በሥርዓቱ።"

ሰይድ ሁመድን ጠርቶ ከአንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔም ትንሽ ራቅ ብዬ ተከተልኩ። ቶፊቅ ሊመጣ ሲል ስለ ድለላው ክፍያ ጠየቅኩት፤ እሱን ማስረዳት ጀመረና እዚያው ቀረ። ሰይድ እንደ ሥርዓቱ መጀመሪያ የራሱን ሰጠ፤ የአዋሽን፣ የገዋኔን፣ የመንገዱን፣ የእኔን ኩርፊያ ጭምር። ከዚያም፣ "አንተስ? ምን አየህ፣ ምን ሰማህ?" ብሎ ጠየቀው።

ሁመድ ስለ ድርቁ ጀመረ። ፍየሎቹ አልቀው ጥቂት መቅረታቸውን፣ መኪናዋን ሸጦ መንጋውን ሊተካ ማሰቡን ተናገረ። ቀጠለ። ባለፈው ክረምት ዱብቲ አካባቢ አዋሽ ሞልቶ ሲወጣ መኪናዋ እርሻ ዳር ቆማ ነበር። ውሃው እስከ ወንበሯ ደረሰ። ሲጎድል ሞተሯን አውርደው አጠቡት፣ ዘይቷን ሁሉ ቀየሩ፣ ገጠሙት።

"ሞተሯ ደህና ነው" አለ። "ሽቦዋ ግን ደህና አይደለም። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ጠፋችብኝ። መብራቷ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይሄዳል።"

ሁለት ጊዜ። እኔ የምሳ ድስት ጭኜ በረሃ መሐል ቆሜ ታየኝ።

ሁመድ ወደ እኔ ዞረ፤ በአማርኛ ነው የተናገረው። "ደላላው ሲናገር እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብዬ። አሁን ባልሽ ዳጉ ጠየቀኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልችልም።"

"ስለ ብራችንስ እንዴት ሰማህ?" አልኩት።

"መኪና እንደምሸጥ ያውቃሉና ከአዳይቱ ደወሉልኝ። ቶፊቅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።"

ትቼ መሄድ እችል ነበር። ግን ስለ አዳማዎቹም ስለ መተሐራዎቹም መኪኖች ያወቅሁት የቀለማቸውን ያህል ነው። የዚህችን በሽታ ከነስፍራው አውቄዋለሁ፤ በሽታው የታወቀ ነገር መድኃኒት ይፈለግለታል። ሎግያ ደውዬ የሰይድን አብሮ አደግ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አገኘሁት። ሽቦዋን በሙሉ አውጥቶ አዲስ መዘርጋት ከዘጠና ሺህ እንደማያልፍ፣ ቅዳሜ ማታ እንደሚጨርስ ነገረኝ። ለሁመድ፣ "ስድስት መቶ ሃምሳ እሰጣለሁ። ሽቦውን እኔ አሠራለሁ" አልኩት።

ቶፊቅ ይህን ሲሰማ ሁለቱንም ስልኮቹን ኪሱ ከተተ። "በስድስት ሃምሳ? ይህቺን የመሰለች መኪና? ሁመድ፣ ተው፣ የከሰዓቱን ሰው እንጠብቅ።"

"የከሰዓቱ ሰው የለም" አለ ሁመድ። "ለእሷ ይሁን። በአላህ ስም ሸጫለሁ።" ቶፊቅ ድርሻውን ተቀብሎ ሄደ፤ ሲሄድ ትከሻዬን አልነካም።

ዓርብና ቅዳሜ፣ ሎግያ

ዓርብ ከጁምዓ በፊት ስሙን አዛወርን፤ ሁመድ ራሱ ከእኛ ጋር ከመስኮት መስኮት ዞረ። ኤሌክትሪሺያኑ የበሯን ሽፋን ፈትቶ ከውስጡ የደረቀ የአዋሽ ጭቃ አወጣ። ሽቦዎቹ ሲጎተቱ ልጣጫቸው እጁ ላይ ይቀራል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉን አየሁ፤ ለሻይ ስነሣ ሰይድን አስቀምጣለሁ። ወንበሯ ወጥቶ፣ ዳሽቦርዷ ተፈትቶ ሳያት አንድ ጊዜ ፈራሁ፤ ያለንን ሁሉ ያፈሰስነው እዚህች የተበለተች ብረት ላይ ነው። ሰይድ፣ "አብሽሪ፣ ታልፋለች" አለኝ። በአዳይቱ ነገር ይቅር ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መብራቷ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፤ የማበራውም የማጠፋውም እኔ ነኝ፣ በራሴ እጅ።

እሑድ፣ መልስ

በጠዋት ቢስሚላህ ብለን ተነሣን። ሚሌ ኬላ ላይ ፈትሸው አሳለፉን። መስኮቱን ከፍቼ ነዳሁ፤ ሙቀቱ እንደተለመደው ነው፣ እኔ ግን ነፋስ መስሎኝ ነበር። ከባድ መኪና ስቀድም ሰይድ የበሩን እጀታ ይይዛል።

አዳይቱ ላይ ለሻይ ቆምን። ሐጂ እዚያው ነበሩ። መኪናዋን ዞረው አዩና፣ "ዳጉ" አሉ። በዚህ ጊዜ ግን ያዩት እኔን ነው። ምናልባት ሹፌሯ እኔ ስለሆንኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ተፈተንኩ። ይህቺን መኪና አንድ ቀን እሸጣታለሁ። አሁን "ደህና መኪና አገኘን" ብዬ ባልፍ ውሸት የሚሆነው የቱ ነው? ሽቦዋ አዲስ ነው፣ ሞተሯ ደህና ነው። ጎርፉን ካነሣሁ ግን ከዚህ እስከ ጅቡቲ ድረስ የማያውቅ አይኖርም፤ ቶፊቅን የመሰለ አሥር ደላላ ቢሰለፍ የሚመልሰው አይሆንም። ሰይድ ሻዩን ያማስላል። አልረዳኝም፣ አልከለከለኝምም።

በተሰባበረው አፋርኛዬ ነገርኳቸው። ውሃው እስከ ወንበሯ መድረሱን፣ ሁመድ ሳይደብቅ መናገሩን፣ የደላላውን ዋጋ፣ የከፈልነውን፣ ሽቦውን። ስሳሳት ሰይድ አንዳንድ ቃል ያቀብለኛል። ሐጂ በየመሐሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ስጨርስ፣ "ጥሩ" አሉ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ሰይድ፣ "እንግዲህ ይህቺን መኪና በደህና ዋጋ የሚገዛን የለም" አለኝ።

"ማን ሊሸጥልህ?" አልኩት።

አዋሽ የገባነው ከመግሪብ በፊት ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጠፋ። መኪና ስለ መግዛት ምን ተማርሽ ለሚለኝ መልሴ ይህ ነው፦ ሞተሩን እዩ፣ ቁጥሩን አመሳክሩ፣ ምንጣፉን ገልጡ፤ እኔ ይህን ሁሉ አድርጌ ጎርፉ አምልጦኛል። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ተቀመጡ፣ በቦታው ወግ ተቀመጡ፣ እስኪጨርስም አትነሡ። እናንተም ስትጠየቁ ከራሳችሁ አታስቀሩ። ይህን ሰይድ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። እንዲህ ብዬ ጽፌ ያሳየሁት ቀን ብዙ ይኩራራብኛል።

ሰኞ ድስቶቹን ጫንን። አምስቱም ሴቶች በር ላይ ቆመው ሸኙኝ፤ አንዷ ኮፈኑን በጨርቅ ወለወለችው፣ አቧራ ግን አልነበረውም። እርሻው ስደርስ የካምፑ ኃላፊ ከቢሮው ወጥቶ ሰዓቱን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ተመልሶ ገባ። ድስቶቹን አውርደን ክዳኑን ከፈትን። ከቦዩ ዳር አካፋ የያዘ አንድ ሠራተኛ ቀና ብሎ አየንና፣ "ምነው ዛሬ ተቻኮላችሁ? ገና እኮ አልራበንም" አለ።

ብዙ ቅሬታ ሰምቻለሁ። እንደዚህ ደስ ያለኝ የለም።